ኳሱን ያልነኩት ተጫዋቾች

ሸምሱ የሞተው ዓርብ ቀን፣ ከሚሴ ሱቆቿን ዘግታ ለጁምዓ በሄደችበት ሰዓት ነው። የተገኘው በሪድዋን ጌም ቤት ጓሮ፣ ማሽን በሚጠግንባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ነበር። ኢንስፔክተር ሙሚና ስትደርስ በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው መንገድ ለቀቀላት። የጌም ቤቱ ባለቤት ሪድዋን ግንባሩን እየጠረገ ተቀበላት።

«ኤሌክትሪክ ነው» አላት፣ ገና ሳትጠይቀው። «ወላሂ ስንቴ ነግሬዋለሁ! ባዶ ሽቦ በእጅህ አትንካ እያልኩ።»

«ማን አገኘው?»

«እኔ፤ ከመስጊድ ስመለስ።»

«ነካኸው?»

«አዑዙ ቢላህ! ከበሩ አላለፍኩም።»

ሙሚና ተንበረከከች። የሸምሱ ጭንቅላት ከኋላ ተፈንክቷል፤ የብረት ጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ደም አለ። እጆቹ ላይ የቃጠሎ ምልክት የለም። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ፊቱ ወደ ሰሜን ዞሯል፤ ለከሚሴ ሰው ቂብላ፣ በሶላትም በሞትም ፊት የሚዞርበት አቅጣጫ፣ በዚያ በኩል ነው። የግራ አንጓው ላይ ሰዓት ያስርበት የነበረው ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ሰዓቱ ግን የለም። የሸሚዙን ኪስ ስትዳብስ አገኘችው፤ በመሐረብ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ።

ሩቅ አገር የተማረችው የምርመራ ትምህርት ስለ ቂብላ የሚያወራ ምዕራፍ አልነበረውም። ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዚያ አገር ዓይን ትይ ወይስ በዚህ እስካሁን አልለየላትም። ዛሬ ግን በሁለቱም ስታየው አንድ ነበር፤ ሸምሱ ሲሞት አጠገቡ ሰው ነበረ፣ ያ ሰውም አዝኖለታል።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጥቁር የጌም ማሽኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ተፈትታ ሆዷ ይታያል። ሁለተኛዋ ዝግ ናት፤ የፋብሪካው ማሸጊያ ወረቀት አልተቀደደም። ሙሚና ወደ ማጫወቻው ክፍል ወጣች። አምስት ቴሌቪዥኖች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ግን ያሉት አራት ማሽኖች ናቸው። በአምስተኛው ቦታ አቧራ ያላረፈበት አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል።

«አንዷ የት ሄደች?»

«ሸምሱ ለጥገና አንስቷት ይሆናል» አለ ሪድዋን፣ ወደ ውጭ እያየ።

ሙሚና ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። ትናንት ሐሙስ ሸምሱ አስፋልቱ ዳር አስቁሟት፣ «አንድ ዕቃ ተሰርቆ እዚያው ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ወንጀል ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር። ቸኩላ ነበርና፣ «ቅዳሜ ና፣ እናወራለን» ብላ ስቃበት አለፈች።

የተፈታችው ማሽን የፊርደውስ ናት ብለው ነገሯት። ፊርደውስ መምህርት ናት፤ ሙሚና ቤቷ ስትመጣባት የተማሪዎቿን ደብተር ይዛ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አንዱንም አላረመችም።

«ለሰው ጌም ነው» አለች። «ለእኛ ሙህዲን ነው።»

ሙህዲን ወንድሟ ነው። ጅዳ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነው፤ አሠሪው ፓስፖርቱንም ስልኩንም ወስዶበታል። ቤተሰቡ ዓርብ ከሰዓት ሲወጣ ግን የልጆቹን ጌም ማሽን ይከፍታል። አምና ሰው አግኝቶ ለእህቱም እንደዚያው ዓይነት ላከላት። የኢንተርኔት መስመር ያለው ሪድዋን ዘንድ ስለሆነ፣ ማሽኗ የምትቀመጠው እዚያው ለብቻዋ በተሠራላት መደርደሪያ ላይ ነበር።

«ኳስ ጨዋታ እንከፍታለን። የሱ ተጫዋች መሐል ሜዳ ይቆማል፣ የኔም ይቆማል። ኳሱን ማናችንም አንነካውም። በማዳመጫው እናወራለን። አባየ ተቀብሎኝ የሚጠይቀው ሁሌም አንድ ነገር ነው፤ ‹በላህ?› ይለዋል።» ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። «ከአረፋ በኋላ በነበረው ዓርብ ስከፍታት ጽሑፍ አመጣች። ይህ ማሽን ከኢንተርኔት አገልግሎት ታግዷል፣ አይመለስም የሚል።»

«ለምን?»

«የተነካካ ማሽን ነው ብለው ነዋ! ኮፒ ዲስክ እንዲያጫውት ውስጡ ቺፕ የገባበት ማሽን መስመር ላይ ከወጣ ኩባንያው ያውቅበታል። የሪድዋን አምስቱም እንደዚያ ስለሆኑ መስመር አይሰካባቸውም። የኔ ግን ንጹሕ ነበረች። ሸምሱ ዘንድ ወሰድኳት። ፈትቶ አያትና ‹ውስጧ ቺፕ አለ፣ የገባውም በኔ እጅ ነው፤ ግን ያንቺን ማሽን ነክቼ አላውቅም› አለኝ። ይሄ ምን ማለት ነው? ከሚሴ ውስጥ ከሱ በቀር ቺፕ የሚያስገባ የለም።»

«ከዚያ ወዲህ ስለ ሙህዲን የሰማችሁት ነገር የለም?»

«ሳውዲ ሰው እየታፈሰ ነው። በሬዲዮ እንሰማለን። ይታሰር፣ ይሙት…» ደብተሩን ዘጋችው። «እኔ ነኝ ለአባየ ሸምሱ ቆረጠብን ያልኩት። በየቀኑ ነው ያልኩት።»

ፊርደውስ በጁምዓ ሰዓት እትዬ ፋጡሜ የሚባሉ ጎረቤት ቤት፣ ሳውዲ ልጅ ካላቸው አሥራ ሁለት ሴቶች ጋር ዱዓ ስታደርግ ነበር። ሁሉም መሰከሩላት። ሪድዋንም ከመጀመሪያው አዛን ጀምሮ የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ሲያስተካክል ነበር፤ ያላየው ሰው የለም።

ቅዳሜ ጠዋት አስከሬኑ ከሐኪም ተመለሰ። የሰፈሩ ሰው አጣቢ ይጠብቃል። አጣቢው ግን አልመጣም። ሙሚና ወደ ቤቱ ሄደች። የፊርደውስ አባት ጋሼ አብዱልጀባር ነው፤ ከጨፋ ሮቢት እህል እያመጣ የሚሸጥ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ጀናዛ ያጠበ ሰው።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሼ?»

«ፈያ፣ አልሀምዱሊላህ። ግቢ ልጄ።»

«ሸምሱን ያጥቡታል ብለው እየጠበቁዎት ነው።»

«እጄን አሞኛል። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

በዚህ መሐል አንዲት ፍየል ከበሩ ጎን የቆመውን የማሽላ ጆንያ መዘንጠል ጀመረች። ሽማግሌው «ሂጅ አንቺ ሌባ!» ብሎ ተነሣ፤ ጆንያውን በሁለት እጁ ብድግ አድርጎ ግድግዳው ጥግ አኖረው። ሲመለስ የሙሚናን ዓይን አየ። ተቀመጠና እጆቹን ከጋቢው ሥር ደበቃቸው።

«ትናንት ጁምዓ የት በኩል ሰገዱ፣ ጋሼ?»

ጋቢውን ሰበሰበ። «ከኋላ።»

ሙሚና ያን ዕለት ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። ሰኞ የጌም ማሽን የሚከራዩትን ልትጠይቅ ለገበያው ባቲ ወረደች፤ ረቡዕ ደሴ ሄዳ አንድ ቴክኒሺያን አነጋገረች። በሚቀጥለው ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሪድዋንን፣ ፊርደውስንና ጋሼ አብዱልጀባርን ጌም ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በር ላይ አንድ ፖሊስ ቆመ። ሁለቱ ማሽኖች ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል።

«ከማሽኖቹ ልጀምር» አለች። «ሸምሱ ቺፕ ያስገባበትን ማሽን ሁሉ ከሥር በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ያደርግበት ነበር፣ እንዳይሳሳት። ይህች የታገደችው ነጥብ የላትም። ነጥቡ የነበረበት ቦታ ግን በምላጭ ተፍቋል።» ገልብጣ አሳየቻቸው። «ስለዚህ የሪድዋን ነበረች። ያችኛዋ ደግሞ ከሪድዋን መደዳ ውስጥ የተነሣች ናት፤ ማሸጊያዋ እንኳ አልተቀደደም። ፊርደውስ፣ ያንቺ ማሽን ይህች ናት። ማንም ፈትቷት አያውቅም።»

ፊርደውስ ወደ ሪድዋን ዞረች።

«ባቲ ላይ ለአረፋ ይህችን ማሽን ከሪድዋን የተከራየውን ሰው አግኝቼዋለሁ» አለች ሙሚና።

«ለሁለት ቀን ነበር!» አለ ሪድዋን። «የኔዎቹ ዲስክ ማንበብ እያቃታቸው ነው፣ እሷ አዲስ ናት። ቦታው ባዶ እንዳይታይብኝ የኔን ተካሁ። ከዓርብ በፊት ልመልስ ነበር፤ ሰውየው አዘገየብኝ። አንቺ ደግሞ ሳልደርስ ገብተሽ ሰካሻት።»

«አራት ሳምንት ሙሉ አፍህን ዘጋህ!»

«ያንቺ ከባቲ ስትመለስ ያችኛዋን ሸምሱ እጅ አስገብተሻት ነበር። እንዴት ልቀያይራቸው? እናገራለሁ እያልኩ ሳድር…»

«ሸምሱ ግን ደረሰበት» አለች ሙሚና። «ሐሙስ ዕለት ሊነግረኝ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ነበር። ቅዳሜ ና አልኩት። ብሰማው ዛሬ በሕይወት ነበር፤ ይሄ የኔ ነው። ዓርብ ሰው ሁሉ ሲወጣ ብቻውን ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን አድርጎ አረጋገጠ። ያን ጊዜ ሰው ገባበት።»

ሽማግሌውን ቀና ብላ አላየችውም።

«ያ ሰው ገፋው። ሸምሱ በጠረጴዛው ማዕዘን ተመትቶ ሞተ። ገፊው ግን ጥሎት አልሮጠም። ወደ ቂብላ አዞረው፣ ዓይኑን ከደነለት። ይህን ማናችንም እናደርገዋለን። ሰዓቱን ፈትቶ በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ የሚያኖር ግን አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ጀናዛ ሲያጥብ የሰውን ንብረት ለቤተሰብ ማስረከብ የለመደ። እጁ በራሱ ነው የሠራው። ከዚያ መስጊድ ውስጥ ከሁሉ ፊት፣ መጀመሪያው ሰፍ ላይ ሃያ ዓመት የቆመው ሰው ዘግይቶ ደርሶ ጫማ ማውለቂያው ላይ ሰገደ። በማግስቱ ደግሞ ማሽላ የሚያነሣ እጅ ሸምሱን ማጠብ እምቢ አለው።»

«አባየ?» አለች ፊርደውስ።

ጋሼ አብዱልጀባር እጆቹን ከጋቢው አውጥቶ አያቸው።

«መስመሩን ክፈትልኝ ብዬ ልለምነው ነበር የሄድኩት» አለ። «‹ጋሼ፣ ቆይ ላሳይዎት› አለኝ። ማሾፍ መሰለኝ። ልጄ እየታፈሰ ምን ታሳየኛለህ ብዬ ገፋሁት። ላሳይዎት እያለኝ።» ዝግ ወደሆነችው ማሽን ተመለከተ። «ይህችን ነበር?»

«ይህችን ነበር።»

ከዚያ ሙሚና የኢንተርኔቱን ገመድ አንሥታ ለፊርደውስ ሰጠቻት። «የሚታገደው ማሽኑ ነው እንጂ ያንቺ ስም አይደለም ብሎኛል የደሴው ሰው። ሰዓቱ ደርሷል።»

ፊርደውስ ገመዱን ማሽኗ ላይ ሰካችው። ቴሌቪዥኑ በራ። የሚያግድ ጽሑፍ አልመጣም። ከስሞቹ መሐል አንዱ አረንጓዴ ሆኖ ታየ፤ ሜዳው ተከፈተ። መሐል ላይ አንድ ተጫዋች ቆሟል። ከማዳመጫው የወጣውን ድምፅ ክፍሉ ሁሉ ሰማው።

«ፊርዶ? ፊርዶ፣ አንቺ ነሽ?»

አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ማዳመጫውን ለአባቷ ሰጠችው። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሙሚና በእጇ አቆመችው።

«አለን» አለ ሽማግሌው።

«አባየ! ደህና ነኝ፣ አልያዙኝም፣ አልሀምዱሊላህ። በየዓርቡ ስከፍት ነበር። ሸምሱ ነው አይደል ያስተካከለው? አውቄያለሁ፣ እሱ ሳያስተካክል አይተኛም። አጠገብህ አለ? ስጠው እስቲ፣ ላመስግነው።»

ሜዳው ላይ ሁለቱ ተጫዋቾች ፊት ለፊት ቆመዋል። በቴሌቪዥኑ ጥግ የጨዋታው ሰዓት ይቆጥራል። ኳሱ በመሐላቸው አለ።

«አባየ? ትሰማኛለህ?»

ጋሼ አብዱልጀባር ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ።

«በላህ?» አለው።