አረንጓዴ ክር ያለበት ጋቢ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር «ደግሞ መጣችሁ!» ብዬ ስልኬን የማወጣ ሰው ነኝ። ሙት ታየ፣ ድምፅ ተሰማ፣ በር በራሱ ተከፈተ የሚባል ነገር አይገባኝም፣ ያደግሁትም ጸሎት ቤት መዘምራን መሀል ነው፣ የሞተ ሰው ጌታው ዘንድ ሄዶ አርፏል ተብሎ ነው የተነገረኝ፣ አለቀ። ይህን የምላችሁ አሁን የማወራውን ነገር ፈልጌ እንዳላመጣሁት እንድታውቁልኝ ነው። እንዲያውም ውሸት ሆኖ ቢገኝ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔን ነው።

አክስቴ አስቴር አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ብቻዋን ነው የምትኖረው። ባለሦስት በር ቁምሳጥኗን ምስጥ ከጀርባው በላባት፣ ጉልበቷ ደግሞ አጎንብሳ እቃ ማውጣት አይፈቅድላትም፣ ስለዚህ «ነይና አራግፊልኝ፣ የሚጣለውን እንጣል፣ ሳንቃው ለማገዶ ይፈለጣል» ብላ ደወለችልኝ፣ እኔም ለፋሲካ ከሀዋሳ ሄድኩላት።

ወደ ቁምሳጥኑ ከመግባቴ በፊት ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ የአክስቴ ታላቅ ናት፣ የጨንቻ ደጋ ወልዶ ያሳደጋት፣ ግን እንደሷ ብርድ የሚፈራ ሰው አላየሁም፣ በመጨረሻ ዘመኗ አክስቴ ጋ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ ተቀምጣ እንኳ ከዶርዜ ሸማኔ ያሠራሁላትን ጋቢ ከትከሻዋ አታወርድም ነበር። ገና ሳመጣላት አንዱ ጫፍ ተተርትሮ ነበርና ነጭ ክር ስላጣሁ በአረንጓዴ ሰፋሁት፣ ስፌቴ ደግሞ ስፌት አይባልም፣ እሷ ግን እየሳቀች «ይሄ ያንቺ ፊርማ ነው» ትለኝ ነበር። ከሰው የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጨንቻ ነው የምትቀብሩኝ፣ አፈሩ ይበርዳል፣ በልጄ ጋቢ ጠቅልሉኝ።» ስትሞት እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ፣ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። አክስቴ አቅፋኝ «በጋቢሽ ጠቅልዬ ሸኘኋት» አለችኝ። እመኑኝ፣ ሌላ ማጽናኛ አልነበረኝም፣ በዚያች ቃል ነው ቆሜ የሄድኩት።

እና ከምሳ በኋላ ሥራ ጀመርን። መብራት ጠፍቷል፣ ሙቀቱ ያፍናል፣ አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሽፈራው ዛፍ ቅርንጫፍ ዝንብ እያባረረች ታዘኛለች። የምትጥለው ነገር የለም፣ ምን ልበላችሁ፣ አንድ እግር ጫማ፣ ክዳን የሌለው ሳጥን፣ ሳጥን የሌለው ክዳን።

«አክስቴ፣ የዚህ ጃንጥላ እኮ ዘንጉ ብቻ ነው የቀረው።»

«ጨርቁ ይገዛለታል።»

«ለጃንጥላ?»

«ዝም ብለሽ አውጪ አንቺ!»

ሁለቱን በሮች እየተሳሳቅን ጨረስን። ወደ ሦስተኛው እጄን ስዘረጋ ግን ሳቋ ተቋረጠ፣ «እሱን ተይው፣ እኔው አራግፈዋለሁ» አለች። ያኔ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ፣ ጨርቅ መሬት ለመሬት ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት። ገና ሳልጠይቃት «ምስጥ ነው» አለችኝ። ምስጥ ጨርቅ ይጎትታል እንዴ ብዬ ሳልጨርስ፣ ደረቅ ሳል፣ እህ፣ እህ። «ጎረቤት ነው፣ ጉንፋን ይዞታል» አለች፣ ፊቷን ግን አዙራለች። ከዚያ ማንም ሳይነካው በሩ ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ፣ ያ በር እናቴ እያለችም ዘይት ጠጥቶ የማይጠግብ፣ ድምፁን ከሺህ በር መሀል የምለየው በር ነው፣ እና ከውስጡ እግሬ ላይ ብርድ ፈሰሰ። ነፋስ አልነበረም። የጨንቻ የንጋት ብርድ ነው፣ አጥንት ድረስ የሚገባው።

ታችኛው መደርደሪያ ላይ ጋቢ ነበር። ሳነሳው ከበደኝ፣ ረጥቧል፣ እርጥብ አፈር አፈር ይላል፣ ስዘረጋው ከእጥፉ ውስጥ የቀርከሃ ቅጠል ወደቀ፣ በአክስቴ ሰፈር ደግሞ ቀርከሃ የሚባል ነገር የለም። ጫፉን ፈለግሁት። አረንጓዴ ክር።

የፈራሁ መሰላችሁ? ደሜ ነው የፈላው። ብርዱንም ሳሉንም ረሳሁት።

«አራቁተሽ ነው የቀበርሻት?» አልኳት። «አንድ ነገር ለመነችሽ፣ አንድ ነገር! ለጋቢ ብለሽ?»

«ጌታ ምስክሬ ነው ልጄ፣ በገዛ እጄ ነው የጠቀለልኳት።»

«እና ይሄ ምንድን ነው? ለምን ትዋሺኛለሽ?»

አለቀሰች፣ እኔ ግን አልራራሁላትም። እዚያው ፊቷ ላጋልጣት ብዬ ጨንቻ ላለው ለጋሽ ዳንኤል ደወልኩ፣ የእናቴን የሬሳ ሳጥን የሠራውም ክዳኑን የመታውም እሱ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። «ጋሽ ዳንኤል፣ እናቴ በምን ነበር የተጠቀለለችው?» አልኩት። ስለ ክሩ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

«በጋቢ ነዋ! ክዳኑን ስመታ ጫፉ ወጥቶ አስቸገረኝ፣ እኔው ነኝ ወደ ውስጥ የመለስኩት። በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ጫፍ ነበር። ምነው፣ ሰላም አይደላችሁም?»

ስልኩን ዘጋሁት። አክስቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና፣ የጓዳ ነገር እንደምትነግረኝ ሁሉ፣ ቀስ ብላ «ዝናብ ሲጀምር ይመጣል» አለችኝ። «ርጥብ ነው። አሰጣዋለሁ፣ ሲደርቅ አጥፌ እዚሁ አስቀምጠዋለሁ፣ አንድ ቀን ስከፍት የለም፣ እትዬ ወስዳዋለች።» እትዬ የምትለው እናቴን ብቻ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቀበርናት ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትወስጂዋለሽ። ከወሰድሽው እትዬ በምን ምክንያት ትመጣለች?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኔ ሀዋሳ ላይ ትራስ ነክሼ ሳለቅስ፣ በህልሜ እንኳ ብቅ በይልኝ እያልኩ ስለምናት፣ አክስቴ እዚህ ጋቢ ታሰጣለች፣ በየበዓሉ ስደውል ደግሞ «ጌታ ያጽናሽ» ትለኛለች። ከድታኛለች፣ ሌላ ስም የለውም። እናቴስ ብትሆን? የሀዋሳ መንገድ ጠፍቷት ነው? የሰፋሁት እኔ፣ ያሠራሁት እኔ፣ የምትመጣው እህቷ ጋ! ጋቢውን ከነእርጥበቱ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት፣ የወጣውን እቃ እንደተበተነ ትቼ ተነሳሁ። አክስቴ አልታገለችኝም፣ በሩ ላይ ቆማ «እንዳይበርዳት» ብቻ አለችኝ።

ሀዋሳ አድርቄ፣ አጥፌ፣ ቁምሳጥኔ ውስጥ ቆልፌ አስቀመጥኩት። አክስቴ በመሀል ደውላ ቁምሳጥኗ ተፈልጦ ለማገዶ እንደዋለ ነገረችኝ፣ እሺ ብዬ ዘጋሁባት። ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ሹራብ ላወጣ ስከፍት ጋቢው የለም። ቁልፉ ከኔ ጋር ነው፣ የተሰበረ ነገር የለም፣ መደርደሪያው ላይ ግን እርጥበት አለ። አክስቴ ጋ ደወልኩ።

«እኔ ጋ? እንዴት ብሎ ይመጣል ልጄ፣» አለች ፈጠን ብላ፣ «ቁምሳጥኑ እኮ ነዶ አልቋል።»

ይህን እያለችኝ ከኋላዋ ሲጥጥ አለ። ያ በር። ቀጥሎ ደረቅ ሳል፣ እህ፣ እህ። አክስቴ ስልኩን በእጇ ሸፈነችው፣ ሰማሁት ግን፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ቆይ እትዬ፣ መጣሁ» አለች። ከዚያ ለኔ «ኔትወርኩ አስቸገረኝ» ብላ ዘጋችብኝ።

ከዚያ ወዲህ አርባ ምንጭ አልሄድኩም፣ ሄጄ የማገኘውን ስለማላውቅ ይሁን ስለማውቅ፣ እንጃ። ማታ ማታ ግን የኔን ቁምሳጥን ገርበብ አድርጌ ነው የምተኛው፣ በተለይ ዝናብ ሲጥል። እስካሁን ማንም አልመጣም።