የገንዘብ ያዣችን ስም

ሰፈራችን ውስጥ የጠረጴዛ ቴኒስ ክበብ አለን። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም፤ በሩን የሚከፍተውም፣ ወለሉን የሚጠርገውም አባል ነው። ለዘጠኝ ዓመት ገንዘብ ያዣችን አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ቀኑን ከስፌት መኪና ጋር ሲታገሉ ውለው ማምሻውን የእኛን መዋጮ ይሰበስቡ ነበር።

ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ያልከፈለ ሰው ስሙ በር ላይ ይለጠፋል። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ እጅ ያጥረኛል። አንድ ቀን ሱቃቸው ሄድኩ።

«እትዬ፣ ለዚህ ወር ከፍሏል ይበሉልኝ። ልጆቼ ስሜን በር ላይ እንዳያዩት።»

«መዝገብ እኮ ነው ልጄ፣ እንዴት እዋሻለሁ?»

«አንድ ወር ምን አላት? ሰው አይደለንም እንዴ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና ጻፉልኝ። ከኪሳቸውም ሞሉልኝ። አንዷ ወር አምስት ሆነች። ለካስ እንዲህ ያስጻፍነው አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። ኪሳቸው ሲነጥፍም እምቢ ማለት አቃታቸው፤ መዝገቡ ሞልቶ ካዝናው ጎደለ።

የአዳራሹ ኪራይ ሲታጣ አንድ የባንክ ጡረተኛ ሒሳቡን መረመሩ።

«መዝገቡ ሁሉም ከፍሏል ይላል። ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ?» አሉ በስብሰባው ላይ።

ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ። አንገታቸውን ደፉ እንጂ የአንዳችንንም ስም አላነሡም። ከኋላዬ አንዱ፣ «ሱቃቸውን ያሳደሱት በዚህ ነዋ» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። እኔም ወለል ወለሉን እያየሁ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የክበቡ ሊቀመንበር መዝገቡን ተቀብለው አሰናበቷቸው።

በማግስቱ ዕዳዬን ይዤ ሄድኩ። አልተቀበሉኝም።

«ገንዘቡን ለክበቡ ስጥ» አሉኝ። «የእኔ ጉዳት ሌላ ነው። ዛሬ አንዷ የድሮ ደንበኛዬ ጨርቋን እንዳልቀንስባት ፊቴ ለክታ ነው የሰጠችኝ።»

በሚቀጥለው ስብሰባ እትዬም እንደ ማንኛውም አባል መጥተው ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ተነሥቼ ቆምኩ።

«የአምስት ወር አልከፈልኩም። ከፍሏል ያስባልኩት እኔ ነኝ፤ እትዬ ከገዛ ኪሳቸው ሲሞሉልኝ ነበር» አልኩ።

አንድ ሌላ ሰው ተነሣ፤ ቀጥሎ ሌላ። ቀስ በቀስ አሥራ አንዳችንም ቆምን። ሊቀመንበሩ ይቅርታ ጠይቀው መዝገቡን ለእትዬ ዘረጉላቸው።

«ይቅር ብያችኋለሁ» አሉ እትዬ ከተቀመጡበት። «መዝገቡን ግን ሌላ ሰው ይያዘው። ደክሞኛል።»

መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ማንም እጁን አላወጣም፤ እኔ ወሰድኩት።

ወገኖቼ፣ በነጻ የሚያገለግለንን ሰው በይሉኝታ አስረን አናስዋሸው። እጅ ያጠረው «አልቻልኩም» ይበል፤ ክበቡም ጊዜ ይስጠው እንጂ በር ላይ አይለጥፈው። እኔ አሁን ያልከፈለውን አልከፈለም ብዬ እጽፋለሁ። የሚያኮርፈኝ ብዙ ነው። ሌላው ቀርቶ ወንድሜ ሰላምታ ከነሣኝ ወር አልፎታል። እትዬ ይህን ኩርፊያ ፈርተው ዘጠኝ ዓመት ሸክሙን ብቻቸውን ይዘው እንደኖሩ የገባኝ አሁን ነው።