ሰዲና ሰዴት

«ዋይፋይ አለ?» አለች ሰብሪና ባዶው ክፍል መሃል ቆማ።

ጸሎት ከመመለሷ በፊት የልጅቷን ጫማ አየች። ነጭ ነው። በሰኔ፣ የሮቤ ጭቃ ቁርጭምጭሚት በሚውጥበት ወር፣ ነጭ ጫማ አድርጋ መጥታ ጫማው አሁንም ነጭ ነው። ባጃጁ በር ድረስ አድርሷታላ።

«የለም።»

«ኧረ ማሚ! ይደብራል እኮ!»

እናቷ ወይዘሮ እታፈራሁ መስኮቱን ከፍተው ዘጉት፤ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። ዩኒቨርሲቲው ቀጥሯቸው ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ከልጃቸው ጋር ፔንሲዮን አርፈው ቤት ይፈልጋሉ። የግቢው ባለቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ አኮ፣ አያት፣ የሚላቸው ዙሌይካ ደግሞ አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። ሌላ ጊዜ ተከራይ የሚያነጋግረው ልጃቸው ሳላሕዲን ነበር፤ እሱ ግን ጎሮ እርሻው ላይ ነው፣ ነገ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አኮ ግቢው ጫፍ ካለችው አንዲት ክፍል ጸሎትን ጠርተው አስተርጓሚ አደረጓት።

ጸሎት ይህን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ማንም ሳያሳያት ታውቀዋለች። የበፊቱ ተከራይ ከለቀቀ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ገብታ በእርምጃ ለክታዋለች። ውስጠኛዋ ክፍል አራት በአምስት ናት። አልጋ ትይዛለች፣ ጠረጴዛ ትይዛለች፣ ከሁሉም በላይ በር አላት። አሁን ጸሎት፣ እናቷና ታናሽ ወንድሟ መልአኩ የሚኖሩት በአንድ ክፍል ነው። መልአኩ መብራት ይጥፋ ብሎ ሲያለቅስ ጥናቷ ያበቃል። እናቷ ማናልበሽ አስተማሪ ናት። «የሰኔ ደመወዝ ከነጭማሪው ይግባና አኮን እጠይቃቸዋለሁ፤ ብር ሳልይዝ ቤት አልጠይቅም» ብላ ነበር። ደመወዙ ዛሬ ወይ ነገ ይገባል።

«ውስጠኛዋን እኔ ነኝ የምይዛት» አለች ሰብሪና በሩን እየከፈተች። «ትንሽ ናት። ግን ለጊዜው ትበቃኛለች።» ከዚያ ወደ ጸሎት ዞረች። «ያንቺ ክፍልስ የቱ ነው?»

ጸሎት በመስኮቱ አሳየቻት።

«ሙሉው ያንቺ ነው?»

«የሦስታችንም ነው።»

«እ…» አለች ሰብሪና፤ ስልኳን ማየት ጀመረች። በክፋት አልነበረም የጠየቀችው። ጸሎትን ይበልጥ ያቃጠላትም ይኸው ነው።

«እስቲ ኪራዩን ጠይቂልን፣ የኔ ልጅ» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ።

ጸሎት በኦሮምኛ ጠየቀች።

«ኩማ ሰዲ» አሉ አኮ። ሦስት ሺህ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ደግሞ ጨመሩ፤ «ነ ገአ።» ይበቃኛል። አኮ ዋጋ ተናግረው ይህን ሳይጨምሩ አያውቁም። ሳላሕዲን በመጣ ቁጥር ገበያውን እዪ እያለ ይጨቃጨቃቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ሆዴ አንድ ነው ይሉታል።

«ስንት አሉ?»

ሰዲ ሦስት ነው። ሰዴት ስምንት። ለአዲስ ሰው ጆሮ የሁለቱ ልዩነት ምላስ ጫፍ ላይ የምታልቅ አንዲት ድምፅ ናት። ጸሎት ግን ሮቤ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት።

«ስምንት ሺህ» አለች።

ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቅ ነበር። ሴትየዋ ይደነግጣሉ፣ ትንሽ ይከራከራሉ፣ ባጃጅ ይጠራሉ፣ ይሄዳሉ። በዚህ ሰፈር ለሁለት ክፍል ስምንት ሺህ የሚከፍል ሰው የለም።

ወይዘሮ እታፈራሁ ልጃቸውን አዩ።

«አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ሺህ ነበር የምንከፍለው» አሉ። «እሺ በያቸው። ነገ ልጃቸው ሲመጣ ውል እንፈራረማለን።»

ጸሎት በመስኮቱ ወደ ራሳቸው ክፍል አየች።

«ማል ጄዳን?» አሉ አኮ። ምን አሉ?

«ቶሌ» አለች ጸሎት። እሺ ብለዋል።

«አልሐምዱሊላህ!»

«ጎረቤት ልንሆን ነው በቃ!» አለች ሰብሪና። «ከተማውን ታሳዪኛለሽ፤ ማንንም አላውቅም።»

ጸሎት ፈገግ አለች፤ ጥርስ ማሳየት ፈገግታ ከተባለ።

እናቷ አስር ሰዓት ላይ ዣንጥላዋን እያራገፈች ገባች።

«ገባ!» አለች ጫማዋን ሳታወልቅ። «ከነጭማሪው ገባ! ቁጭ በይና ስሚኝ። ኪራይ የበፊቱ ተከራይ እንደሚከፍለው ሦስት ሺህ። ጤፍ፣ ዘይት፣ የመልአኩ ዩኒፎርም… ዘጠኝ መቶ ይተርፈናል። ይበቃናል፣ ጸሊ! አሁኑኑ አኮ ጋ ልሂድ።»

እናቷ በየዓመቱ «ሁለት ሺህ ብቻ ቢጨመርልኝ ይበቃን ነበር» ትላለች። ሁለት ሺህ ይጨመራል፤ ጤፍና ዘይት ቀድመው ይወስዱታል። ዛሬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ «ነበር» አላለችም።

«ተይዟል» አለች ጸሎት።

«ምኑ?»

«ቤቱ። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ያዙት።»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «በስንት?»

«በስምንት ሺህ።»

«በስምንት? አኮ ስምንት አሉ?»

ጸሎት ዣንጥላውን ወስዳ በሩ ጥግ አቆመችው።

«ሳላሕዲን ነገ ነው የሚመጣው አይደል?» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ ወርዷል። «ይሄንን ከሰማ አለቀልን። የዚችን የአንድ ክፍላችንንም ኪራይ አራት ሺህ ያደርገዋል፣ አምስት ሺህ ያደርገዋል። ምክንያት ሲፈልግ ነው የኖረው።» ጥቂት አሰበች። «ጎባ ይረክስ ይሆን? ግን በየቀኑ የሚኒባስ ለሦስት ሰው…» ስልኳን አወጣችና ማስላት ጀመረች። ስታሰላ ቆየችና አጠፋችው። «ለአንዳንዱ እኮ ስምንት ሺህ ምንም አይደለም። እጁን ኪሱ ከትቶ ማውጣት ነው።»

ጸሎት ይህን አነጋገር አወቀችው። ቀኑን ሙሉ የራሷ ሆድ ውስጥ ሲናገር የዋለው ድምፅ ነው።

«መጣሁ» አለችና ወጣች።

ፔንሲዮኑ ዋናው አስፋልት ዳር ነው። ጭቃውን እየዘለለች ስትሄድ የምትለውን አዘጋጀች፤ ሰዲና ሰዴት ተምታቱብኝ። ማንም ያምናል። በየዓመቱ ከሌላ ክልል የሚመጡት አስተማሪዎች ሁሉ ይምታታባቸዋል። ይህን ካለች ሳላሕዲን ስምንት የሚለውን ቁጥር አይሰማም፤ አንዴ ጆሮው ከገባ ግን የሚያወጣው የለም። ቤቱ ያው የሰብሪና ነው። ይህን ደጋግማ አሰበችው።

ወይዘሮ እታፈራሁ በሩን ከፈቱላት። ሁለቱም የሚተኙት አንድ አልጋ ላይ ነው፤ ሻንጣዎቹ እስከ መስኮቱ ተደራርበዋል። ሰብሪና ወፍራም ጃኬት ለብሳ፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብስኩት ትበላለች። ጸሎት አሁንም ቀናች። በማዳመጫው፣ በጃኬቱ፣ በብስኩቱ ሳይቀር።

«እትዬ፣ ኪራዩ ስምንት ሺህ አይደለም። ሦስት ሺህ ነው።»

ሴትየዋ ጮክ ብለው ሳቁ።

«ሰዲና ሰዴት! ተምታቶብሽ ነው አይደል? ዛሬ ጠዋት እኔም ገበያ ላይ በኦሮምኛ ስምንት ሽንኩርት ስል ሻጯ ሦስት ሰጥታኝ ስንጨቃጨቅ ነበር! ሰብሪና፣ ሰማሽ? በወር አምስት ሺህ አተረፈችልን! ምን ዓይነት የተባረክሽ ልጅ ነሽ!»

«አቦ ይመችሽ!» አለች ሰብሪና ማዳመጫዋን እያወለቀች። ልታቅፋት ከአልጋው ተነሳች።

«አዎ» ማለት ብቻ ነበር የቀረው። እንዲያውም ማለት አያስፈልግም፤ ራስ መነቅነቅ ይበቃል። ከዚያ ብስኩት ይሰጧታል፣ ነገ ጎረቤት ይሆናሉ፣ የተባረከች ልጅ ትባላለች።

«አልተምታታብኝም» አለች ጸሎት።

ሰብሪና ባለችበት ቆመች።

«አኮ ሦስት እንዳሉ ሰምቻለሁ። ቤቱን የምንፈልገው እኛ ነበርን። እንድትሄዱ ብዬ ነው።» ጭቃ የያዘ ጫማዋን አየች። «ለአኮም እነግራቸዋለሁ። ለእናቴም።»

የወይዘሮ እታፈራሁ ፊት ላይ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። ሰብሪና ማዳመጫዋን በእጇ እንደያዘች መጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥሎ ጸሎትን አየች። ውጭ አንድ አይሱዙ አስፋልቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ።

ተቀመጪ ያላት የለም፤ ሂጂ ያላትም የለም። በሩ ከኋላዋ ክፍት ነበር። ጸሎት አልወጣችም።