ያልተረጋገጠ ሐዘን

አንዳርጌን የሰደበችው ትርንጎ ናት። ቀኑ የጥምቀት ዋዜማ፣ ቦታው የ«ሙሉ ጓዳ» ገበያ ልብስ መቀየሪያ ክፍል። ያጸዳቸውን አንገትጌዎች በትሪ ደርድሮ ሲገባ ሠራተኞቹ የሞቀ ወሬ ላይ ነበሩ። ትርንጎ ዞር ብላ አየችውና፣ «ዝም በሉ፣ ጆሮ ጠቢው መጣ» አለች። ሥጋ ክፍል የሚሠራው ረጅሙ ግርማቸው ደግሞ ከጥግ ሆኖ፣ «ተዉት ባካችሁ፣ እሱ እንኳን ወሬ ስምንተኛ ክፍልንም ይዞ መውጣት አልቻለም» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዳርጌ ትሪውን አስቀምጦ ወጣ። መልሱ የመጣለት ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው። ከዚያ ወዲህም በየቀኑ ሌላ ሌላ መልስ ይመጣለታል፣ አንዱ ካንዱ ይበልጥ የሚያሳምም፤ የሚናገርበት ቦታ ግን አላገኘም።

እስከዚያ ቀን ድረስ የማንንም ወሬ ለማንም አድርሶ አያውቅም ነበር። የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

አንገትጌ ማለት በሠራተኛው አንገት ዙሪያ የሚታሰር፣ እንደ ጨርቅ የለሰለሰ መሣሪያ ነው። ይሰማል፣ በትንሽ ዓይኑ ያያል፣ የልብ ምት ያዳምጣል፣ ቀጥሎ የሚሠራውን ደግሞ በጆሮ ሹክ ይላል። በአዲሱ አዳማ ፎቆች ውስጥ የሚኖር ሰው ገበያ አይወርድም፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሠራተኛውን እጅ እያየ «ያንን ሳይሆን ያኛውን» ይላል። ማንሳቱንም መመዘኑንም ማሽን ይችለዋል። ግን ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ «በሰው እጅ የተመረጠ» የሚል ማኅተም ከሌለበት አልበላም ካለ ቆየ። የተፈለገው እጁ ነው። ከእጁ ጋር የመጣው ሰውዬ ሲደክመው የት እንደሚያርፍ የጠየቀ የለም። ወንበር የለም፤ የተቀመጠ እጅ ግድግዳው ላይ ሲታይ ሰነፍ ይመስላል ተብሏል። ቀዝቃዛው ክፍል የገባ ሰው አንገትጌው «ውጣ» ካላለው አይወጣም። ምሳ ላይም፣ ሽንት ቤትም፣ አንገትጌው አይወልቅም። በሥራ ሰዓት ያወለቀ ሥራውን በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል።

አንገትጌው «ማኅበር» የሚለውን ቃል ከሰማ ደግሞ ወዲያው ለአለቃው ለኪሩቤል ያደርሳል። አንዷ ሠራተኛ «የማርያም ማኅበር ደርሶኛል፣ ጠላ ልጠምቅ ነው» ብላ ቢሮ ተጠርታ ጽዋ ምን እንደሆነ ስታስረዳ ውላለች።

ይህ ሁሉን የሚሰማ ነገር የሚደነቁረው ለለቅሶ ብቻ ነው። ድሮ አንዲት ሴት የልጇን መርዶ ሰምታ መሬት ላይ ስትንከባለል አንገትጌዋ «ሽንኩርት፣ ሽንኩርት» እያለ ሲጠራት ያዩ ሰዎች ከተማውን በጩኸት ሞሉት። ከዚያ በኋላ ነው ሠሪዎቹ የለቅሶ ጸጥታን ያስገቡለት። ሰዎች ዝቅ ብለው ከተቀመጡ፣ ነጠላ ከተዘቀዘቀ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ከተባለ አንገትጌው ጆሮውንም ዓይኑንም ይዘጋል፤ እስኪነሱ ድረስ አንድ ቃል አይዝም፣ አንድ ቃል አይናገርም። የማሽኑ ደግ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

አንዳርጌ እነዚህን አንገትጌዎች ከምድር ቤት ሆኖ ያጸዳል፣ ያስተካክላል፣ ይሞላል። በሁዳዴ መግቢያ ሰሞን ብዙዎቹ በምሳ ሰዓት ጸጥ ብለው እንደሚቆዩ አየ። አንድ ቀን እነ ግርማቸው ነጠላ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ አደጋ ጊዜ ደረጃው ሲወርዱ ደረሰባቸው።

«ማን ሞቶ ነው?»

ግርማቸው ቆም አለ። «የትርንጎ አጎት ናቸው። አሰላ።»

«እኔ ለምንድን ነው የማልነገረው? የእድሩን እንደናንተው አይደል እንዴ የምከፍለው?»

«ቸኩለን ነው አንዳርጌ። በሌላ አትይብን።»

አንዳርጌን ይሄ ከስድቡም ባሰበት። ሰው ሰርግ ላይጠራ ይችላል፤ ለቅሶ የማይነገረው ግን ከሰው ያልተቆጠረ ነው። ቢሆንም ሞት ሞት ነው ብሎ ጋቢውን ከሳጥኑ አወጣና ተከትሏቸው ወረደ። በሩን ሲከፍት ትርንጎ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ኩርምት ብላለች፤ ሌሎቹ ዙሪያዋን ካርቶን አንጥፈው ተቀምጠዋል። «ወይኔ ጋሼን» አለ። የሟቹን ስም አያውቀውም። «ወይኔ ጋሼን፣ ሳልደርስልዎ» ካለ በኋላ ግን ድምፁ ከእጁ አመለጠ። የራሱ አባት የሞቱት በበዓል ገበያ ሰሞን ነው። ፈቃድ አጥቶ የደረሰው፣ ሰው ሁሉ ተበትኖ ድንኳኑ ሲነቀል ነው። ያን ጊዜ ያላለቀሰው ለቅሶ አሁን መጣ። ግድግዳውን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰና ግርማቸው አጠገብ ዘፍ አለ። የራሱ አንገትጌ ጸጥ ያለው ያን ጊዜ ነው።

ግርማቸው የነጠላውን ጫፍ ነክሶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አንዳርጌ ያለቀሰ መስሎት ጀርባውን መታ መታ አደረገው። «አይዞህ፣ አይዞህ ወንድሜ።»

ይህን ጊዜ ከኋላ አንዷ ሴት አልቻለችም፤ ሳቋ ፈነዳ። እሷን ተከትሎ ግርማቸው ካርቶኑ ላይ ተንከባለለ። አንዳርጌ እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ያልሳቀችው ትርንጎ ብቻ ነበረች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ነበር።

«የሞተ ሰው የለም» አለችው ቀስ ብላ። «አጎትም የለኝ። የምንነጋገርበት ሌላ ቦታ አጣን። የሠራተኛ ማኅበር ልናቋቁም ነው፤ ዛሬ ስለ ወንበሩና ስለ ቀዝቃዛው ክፍል እንስማማለን፣ በሚቀጥለው መሪዎች መርጠን ለመንግሥት እናስመዘግባለን። ከተመዘገበ በኋላ ሊያባርሩን አይችሉም። ከዚያ በፊት ካወቁ ግን ሁላችንም አለቀልን። ተቀመጥ፣ ያንተም ጉዳይ ነው።»

ተቀመጠ። እጅ አውጡ ሲባል እጁን አወጣ። እንባው ግን ጉንጩ ላይ ገና አልደረቀም፤ ሲያብሰው እንዳያዩት ብሎ ዝም ብሎ እንዲደርቅ ተወው። በዚያ ደረጃ ላይ ከተባለው ሁሉ የያዘው ነገር ቢኖር ሳቁን ነው።

ከዚህ በኋላ ኪሩቤል አስጠራው። ኪሩቤል በዕድሜ ልጁ ሊሆን ትንሽ የቀረው፣ ሁልጊዜም «አንተ አጽጂ» እያለ የሚጠራው አለቃ ነው። የዚያን ቀን ግን በር ድረስ መጣ።

«ይግቡ አቶ አንዳርጌ። ይቀመጡ።»

ወንበር ነበር። ቆዳ የለበሰ፣ ሲቀመጡበት የሚተነፍስ ወንበር። አንዳርጌ በሙሉ ጓዳ ሲሠራ «ተቀመጥ» ያለው አለቃ ያ የመጀመሪያው ነው። ጉልበቱ ሲያርፍ ጭንቅላቱ ድረስ ተሰማው።

«የአንገትጌዎቹ የለቅሶ ጸጥታ በጣም በረከተ» አለ ኪሩቤል። «ከላይ ያሉት ብልሽት ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቃቸው የለም አልኳቸው። ምን ነካቸው?»

ብልሽት ነው ብሎ መውጣት ይችል ነበር። ሽቦ ነው፣ እርጥበት ነው፣ ላብ ነው ቢል ማን ይመረምረዋል? አፉን ሲከፍት ግን የግርማቸው ትከሻ መጣበት፤ አይዞህ ብሎ የመታው ያ ጀርባ።

«አልተበላሹም» አለ።

ኪሩቤል ወንበሩን ወደሱ አስጠጋ።

«የሞተ ሰው የለም።»

ይህችን ብቻ ነው ያለው። ስም አልጠራም። ሲወጣ ራሱን ያጽናናው በዚህ ነበር፤ ስም አልጠራሁም እያለ ደረጃውን ወረደ።

ኪሩቤል ማንንም አላባረረም። ለአንገትጌዎቹ ከላይ አዲስ ትምህርት መጣና ሁሉም በአንድ ጊዜ ተለወጡ፤ ከእንግዲህ ጸጥ የሚሉት ሐዘኑ እውነት መሆኑን ሲያረጋግጡ ብቻ ነው ተባለ። ኪሩቤል ምድር ቤት ድረስ ወርዶ አንዳርጌን ጎሽ አለው። «የእርስዎ አንገትጌ ያን ቀን ከመቀመጥዎ በፊት ያለውን ለቅሶ ሁሉ ቀድቶታል። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለ የጠራ ሐዘን አላየንም አሉ። ድምፁ፣ እንባው፣ የልብ ምቱ። አሁን የሁሉም ሐዘን የሚለካው በእርስዎ ነው።» ይህን ብሎ ሳቀ። አንዳርጌ የያዘውን አንገትጌ ማጽዳቱን ቀጠለ፤ ንጹሕ የነበረ አንገትጌ ነው።

ምርጫው ቀረ። የሚገናኙበት ቦታ ጠፋ። ግርማቸው በዓይኑ እየተከተለው አለፍ ሲል፣ «አሁንስ ደስ አለህ?» ይለው ጀመር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ትርንጎ ይህን ሰምታ፣ አንገትጌው ለኪሩቤል እንደሚያደርሰው እያወቀች፣ «ተወው» አለችው። «ለማያውቀው ሰው እንደዚያ ያለቀሰ ሰው ሰው አይሸጥም።» አንዳርጌ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ተነስቶ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ።

የትርንጎ እናት የሞቱት በትንሣኤ ሰሞን ነው፤ ገበያው በደራበት፣ ግድግዳው ሁሉ «ያኛውን፣ ያኛውን» በሚልበት ጠዋት። መርዶውን ያመጣው የጎረቤት ሰው ነው፤ መግቢያው ላይ አስቁመውት መርዶው በግርማቸው በኩል ደረሰ። ትርንጎ ሁለት ቲማቲም በእጇ እንደያዘች ሳጥኖቹ መሃል መሬት ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። አላለቀሰችም። ዓይኗ ደርቆ አንድ ቦታ ላይ ተተከለ። ሴቶቹ መጥተው ከበቧት፣ ነጠላ አዘቀዘቁላት፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት።

አንገትጌዋ፣ «ሐዘንዎ አልተረጋገጠም» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «እባክዎ ወደ ቲማቲም መደርደሪያው ይመለሱ።»

ትርንጎ የሰማች አትመስልም። አንገትጌ ያልታዘዙት እንደሆነ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሁለተኛውን ሁሉም ሰሙት። «ሐዘንዎ አልተረጋገጠም። ደንበኛ እየጠበቀዎት ነው።»

አንዳርጌ የተሞሉ አንገትጌዎች ይዞ ከምድር ቤት የወጣው በዚህ መሃል ነበር። ቆመ። ምን እንደጎደላት ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እንደሱ አላለቀሰችም። ለራሱ ያነባውን እንባ፣ ስላልጠሩኝ ብሎ፣ ለአባቴ አልደረስኩም ብሎ ያፈሰሰውን፣ ማሽኑ የሰው ሐዘን መልክ ይህ ነው ብሎ ይዞታል። እናቷ የሞቱባት ሴት ደግሞ በእሱ ተለክታ አነሰች።

ግርማቸው ጎንበስ ብሎ የትርንጎን አንገትጌ ፈታው። ቲማቲም ሳጥን ውስጥ ወረወረው። ከዚያ የራሱን ፈታ። ማንም «እንዲህ እናድርግ» አላለም። ያቺ ጽዋ ደርሷት ቢሮ የዋለችው ሴትዮ ፈታች፤ ከዳቦ ክፍል ፈቱ፤ ከቀዝቃዛው ክፍል እጃቸውን እያሻሹ ወጥተው ፈቱ። ሳጥኑ ውስጥ አንገትጌዎቹ እርስ በርስ «እባክዎ ይመለሱ፣ እባክዎ ይመለሱ» ይባባላሉ። ከጣሪያው የኪሩቤል ድምፅ ያወለቀ ሁሉ ሥራውን እንደለቀቀ ተናገረ፤ ቀና ያለ የለም። ካርቶን ዘርግተው መሬት ላይ ተቀመጡ። በደረጃ ሥር ተደብቀው ያልቻሉትን ማኅበር በለቅሶ ላይ መሠረቱት፤ ያውም ቃሉን ማንም ሳይጠራው።

ቆሞ የቀረው አንዳርጌ ነው። አንገትጌው አንገቱ ላይ ነው።

ትርንጎ ቀና ብላ አየችውና አጠገቧ ያለውን ካርቶን በእጇ ጠረግ አደረገችለት።

«ና ተቀመጥ አንዳርጌ» አለችው። «እኔ እንባዬ እምቢ አለኝ። አንተ አልቅስላት፣ ትችልበታለህ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «በጥምቀት ዋዜማ ጆሮ ጠቢ ያልኩህንም ይቅር በለኝ። ሰው ፊት ነው የሰደብኩህ፤ ይኸው ሰው ፊት ተሳስቼ ነበር እላለሁ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሲጠብቃት የነበረው ቃል ናት። ሁሉም ሰው በተሰበሰበበት፣ ከራሷ አፍ። ለዚህች ቀን ያዘጋጀው መልስ ብዛቱ፤ የሚያኮራው ነበር፣ ጨዋ የሚያስመስለው ነበር፣ አንገቷን የሚያስደፋትም ነበር። እጁ ወደ አንገትጌው መቆለፊያ ሄደ። ጣቱ ነካውና ተመለሰ። ግርማቸው እያየው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ውስጥ ፌዝ አልነበረም፤ ፈቀቅ ብሎ ቦታውን ሰፋ አደረገለት።

አንዳርጌ ትሪውን ቲማቲሞቹ ላይ አስቀመጠ። ዞረና በመደርደሪያዎቹ መሃል መሄድ ጀመረ። «አንዳርጌ» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ፤ የእሷ ነው። አልዞረም። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይደበድበዋል፣ ጉንጩም ረጥቧል።

አንገቱ ላይ ያለው፣ «ሐዘንዎ ተረጋግጧል» አለው በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «መቀመጥ ይችላሉ።»

ሳይቀመጥ ሄደ።