በእርግጥ 4.2

ሰላዩ ወንፊት አውቶቡስ ውስጥ የተቀበለው ወረቀት የሁለት ሰዎች ቃል ይዟል።

የፕሮግራሙ ደራሲ፦ «ያወጣነው የመጨረሻ ስሪት 4.2 ነው። 9.0 የሚባል አናውቅም።»

አሻጊው ሎጋው፦ «9.0ን ከራሳቸው ድረ ገጽ ነው ያወረድኩት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ወረቀቱን ያቀበለችው ሴት ቀድማ ወረደች። ወንፊት ቀዳዶ በሁለት ፌርማታ ጣለው።

ሁለት ዓመት ሙሉ የሶፍትዌር አሻጊ መስሎ ኖሯል። አሻጊዎች ክፍት ሶፍትዌር ከደራሲዎቹ ያወርዳሉ፤ ቁጥር ሰጥተው፣ ፈርመው ለአርባ ሆስፒታሎች ይልካሉ። የሆስፒታሎቹ ማሽኖች የሚያውቁት ትልቁን ቁጥር መውሰድ ብቻ ነው። ወደ ታች አይመለሱም።

ሎጋው ለሆስፒታሎቹ የላከው 9.0 ውስጥ የተደበቀ በር አለ። የሕሙማንን መተንፈሻ መሣሪያ ከሩቅ የሚያጠፋ በር። የአሁኑ ተልእኮው በሩን ማን እንደከፈተ ማወቅ ነው።

ሎጋው ቢሮ ውስጥ ፊቱ አመድ መስሎ ጠበቀው።

«እኔን ነው የሚያስሩኝ፣ አይደል?»

«ከአራት ወደ ዘጠኝ ሲዘል አልገረመህም?»

«ከሰረዙ በፊት ያለው ቁጥር የደራሲዎቹ ነው፣ የእኛ ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው፣ አትነካካው ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ? ደግሞ የኢንተርኔት ገመዱን ከቀየርክልኝ ወዲህ ሁሉም ነገር ቶሎ ይወርዳል።»

ገመዱ።

ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን የሰጠችው «አክስት» የሚላት የስለላ አለቃው ናት። ሳጥኗ ታዳምጣለች እንጂ ምንም አትነካም ብላው ነበር። ለካ ትለውጣለች። ሎጋው የደራሲዎቹን ገጽ ሲከፍት ሌላ ገጽ አቀረበችለት።

ደረጃው ላይ ወጥቶ ደወለ።

«አክስቴ፣ ዘጠኝ የእኛ ነው?»

«አንድ ቀን ይጠቅመናል፣ ልጄ። ጥፋቱን ሎጋው ላይ ጥለህ ውጣ።»

«እሺ።»

ስልኩን ዘጋ።

ተመልሶ 4.2ን በራሱ ስልክ አወረደ። በራሱ ቁጥር ቢልከው ማሽኖቹ ንቀው ያልፉታል። አሻጊዎች ለእንዲህ ያለ ቀን አንድ ልማድ አላቸው፦ ቁጥሩን ከመጥፎው ከፍ ያደርጉና ውስጡ ያለውን በግልጽ ይጽፉበታል። ያስጠላል። ግን አይዋሽም።

9.0+በእርግጥ4.2-1።

አብሮ የሚላከው የለውጥ መግለጫ ላይ ሳጥኗን የሰካት ራሱ መሆኑን ጻፈ። በሐሰት ስሙ ፈረመ። ላከ።

ሁሉም እትዬ የሚላት የክፍሉ ኃላፊ ከኋላው ቆማ አነበበች። ሆስፒታሎቹ አንድ በአንድ አዲሱን ወሰዱ። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ።

አርባ።

«ሁለት ዓመት ምሳ አብረን በላን» አለች። «በቀልዴ የሳቅከውም ለሥራ ነው?»

«አንዳንዱ።»

ሎጋው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

ወንፊት መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እትዬ ስልኩን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው። ሳጥኗን ከነገመዱ ነቅላ በመሀረብ ጠቀለለች።

«ይሄን ለፖሊስ እሰጣለሁ፤ ሎጋው አይታሰርም» አለች። በሩን አየች። «የምደውለው ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው።»