ማናልሞሽና በድብቅ የተጫነው ሙዝ

ማናልሞሽ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቤቷ ቴፒ ነው። ገበያውን አልፋችሁ፣ መንገዱ ወደ ቡና እርሻው ሲታጠፍ፣ ጓሮው በሙዝ ተክል የተሸፈነ ቤት ታገኛላችሁ። እዚያ ከእናቷ ከወይዘሮ በየነችና ከታላቅ ወንድሟ ከይርዳው ጋር ትኖር ነበር። ይርዳው አንድ ጥቁር ብስክሌት ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእሷ ይተውላታል። በሰፈሩ ብስክሌት የምትነዳ ሴት ልጅ እሷ ብቻ ነበረች፤ እናም ልጆች፣ እንደ ንፋስ ነበር የምትነዳው።

እኔ ያኔ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሕፃናት ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ከምነግራችሁ ነገር ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላውን ራሷ ማናልሞሽ ነግራኛለች፤ ለእናንተ እንድነግራችሁም ፈቅዳልኛለች።

ጊዜው 1996 ዓ.ም. ነው። ወሩ ኅዳር፣ ቡናው ቀልቶ የሚለቀምበት። ከከተማችን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በሚርቅ አንድ መንደር የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት በእሳት ተቃጠለ። ለልጆቹ ሊታደል የተቀመጠው ደብተር ሁሉ ዐመድ ሆነ። የእኛ ልጆች ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው አልተቀመጡም። አንዱ ሁለት ደብተር፣ አንዷ አምስት፣ ሌላው ከአጎቱ ሱቅ አንድ ደርዘን እያመጡ በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስት ካርቶን ሞላ።

መኪና ግን አላገኘንም። በዚህ ጊዜ እንድርያስ የሚባል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ «ዕቃው በብስክሌት ይሂድ፣ ሰው በእግር ይሂድ» አለ። ሁላችንም ተስማማን። እንድርያስ ብስክሌት ነበረው። ጓደኛው ሲሞንም ነበረው። ሦስተኛዋ ማናልሞሽ ሆነች። ያን ዕለት ደስታዋን ብታዩ! አርብ ማታ ብስክሌቷን ሦስት ጊዜ አጠበች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሳህሉ ዘንድ ተሰበሰብን። ጋሽ ሳህሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ ዋንዛ ዛፍ ሥር ብስክሌት የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ከገበያ ገበያ በብስክሌት ዕቃ ሲያመላልሱ ኖረዋል። በከተማው ውስጥ ብስክሌት ላይ ዕቃ የሚጭን ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ይመጣል። እሳቸው ያሰሩት ዕቃ ወደቀ ሲባል ተሰምቶ አይታወቅም።

ጋሽ ሳህሉ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ በእጃቸው አንሥተው መዘኑ። ከዚያ በኋለኛው ጎማ ግራና ቀኝ፣ ዝቅ አድርገው ጫኑ። ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ በተቆረጠ ማሰሪያም ጥፍር አድርገው አሰሩ። እያሰሩ ለልጆቹ ያስረዷቸው ነበር። ከባድ ዕቃ ወደ ታች መሆን አለበት፤ ከፍ ብሎ ከተጫነ ይወዛወዛል። ሁለቱ ጎን እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ጎን ከከበደ መሪውን ወደዚያው ይስባል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የተጫነ ብስክሌት ቶሎ አይቆምም፤ ስለዚህ ፍሬን አስቀድሞ ነው የሚያዘው።

ለእንድርያስና ለሲሞን ሁለት ሁለት ሙሉ ካርቶን ጫኑላቸው። ለማናልሞሽ ግን አምስተኛውን ካርቶን ለሁለት ትንንሽ ካርቶኖች ከፍለው፣ ግማሹን በግራ ግማሹን በቀኝ አደረጉላት። ሲሞን ይህን አይቶ፣ ለእሷማ ግማሽ ጭነት ነው የሚበቃት ብሎ ቀለደ። ልጆቹ ሳቁ። ማናልሞሽ ግን አልሳቀችም።

ጋሽ ሳህሉ ፊቷን አይተው፣ «ማኔ፣ ጭነት በጫኚው ልክ ነው። ይህን አድርሺ፣ ምንም አትጨምሪበት» አሏት።

«እሺ፣ ጋሼ» አለች።

የሲሞን ጎማ ነፋስ ጎድሎት ስለነበር ወንዶቹ ትንሽ ዘገዩ። እኛ በእግር የምንሄደው ደግሞ ውኃና ዳቦ እየያዝን ነበር። ማናልሞሽ ቀድማ ተነሣች። እየነዳች ታስብ ነበር። ወንዶቹ ሙሉ ጭነት ይዘው ሲገቡ፣ እሷ ግማሽ ይዛ ልትገባ ነው። የመንደሩ ልጆችስ ምን ይሏታል?

ቤታቸው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። እናቷ ገበያ ሄደው ነበር። ጓሮ ውስጥ አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ ተቆርጦ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ማናልሞሽ ዘለላውን አየችው። ይህን ይዛ ብትገባ ማን ግማሽ ጭነት ይላታል? ደብተርም ሙዝም ያመጣች እሷ ብቻ ትሆናለች። ለሕፃናቱ ነው፣ ምን ክፋት አለው ብላ ራሷን አሳመነች።

ልጆች፣ ልብ በሉ። ሙዝ መስጠት ጥሩ ነገር ነው። እሷ ግን እናቷን አልጠየቀችም፤ ለጋሽ ሳህሉም እሺ ብላ ነበር።

የጋሽ ሳህሉን ማሰሪያ ፈታችው። ዘለላውን እየጎተተች አምጥታ ከደብተሩ በላይ፣ በግራ በኩል አንጠለጠለችው። ማሰሪያው አልደርስ አላት። ሲባጎ ፈልጋ ቀጠለችበት። የቻለችውን ያህል ቋጥራ፣ ወንዶቹ ሳይደርሱባት ቶሎ ተነሣች።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ሜዳው ላይ ብስክሌቷ ወደ ግራ ወደ ግራ ትላለች፤ እሷም በሰውነቷ ወደ ቀኝ እየተደገፈች ታቃናታለች። ዳገት ላይ ደግሞ የፊቱ ጎማ ቀለላት፤ መሪው በእጇ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወርዳ እየገፋች ወጣች። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ከፊቷ ረጅም ቁልቁለት ታያት። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ በግንድ የተሠራ ድልድይ አለ፤ ከሥሩ ወንዝ ይወርዳል። ወደ ኋላዋ ዞር ስትል ወንዶቹ ከሩቅ ብቅ ብለዋል።

ማናልሞሽ ብስክሌቷ ላይ ወጣችና ለቀቀቻት።

ንፋሱ ጆሮዋ ላይ ፏጨ። የቡናው ተክል በግራና በቀኝ ይሮጥ ጀመር። ልቧ በደስታ ዘለለ። ወዲያው ግን ከኋላዋ አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማት። ሲባጎው ላልቷል። ዘለላው ወደ ግራ ተንጋደደ፤ ብስክሌቷም አብራ ተንጋደደች። ፍሬኑን ያዘች፤ ብስክሌቷ አልቆመችም። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘች፤ ጭነቱ መልሶ ወደ ግራ ወሰዳት። ድልድዩ ጋ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ከመንገዱ ወጣች፤ በሣሩ ላይ ተንሸራታም ከነብስክሌቷ ወንዙ ዳር ወደቀች።

እግዚአብሔር ጠበቃት፤ ጉልበቷና ክርኗ ብቻ ተላጠ። ካርቶኖቹ ግን ፈነዱ። ደብተሮቹ ውኃው ላይ ተበተኑ። ማሰሪያውን ወንዙ ወሰደው።

ማናልሞሽ ተነሣች። መጀመሪያ ያደረገችው ምን ይመስላችኋል? ደብተሮቹን አላነሣችም። የሙዙን ዘለላ እየጎተተች ወስዳ ወንዙ ውስጥ ገፋችው። ውኃው ይዞት ሄደ።

እንድርያስና ሲሞን ደረሱ። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ውኃው ውስጥ ገቡ። እኔና ሌሎቹ ልጆች ስንደርስም ደብተር እያሳደዱ ነበር። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። የቻልነውን አወጣን። ከዚያ የማናልሞሽን ጉልበት እያጠብኩ ምን እንደሆነች ጠየቅኳት።

«ማሰሪያው ተፈታ» አለች። ሁሉም ያያት ነበር። ቀጥላም ጨመረች፤ «ጋሽ ሳህሉ በደንብ አላሰሩትም መሰለኝ።»

እኔም አመንኳት። እናንተ ልጆች ብቻ አይደላችሁም የምትሳሳቱት፤ እኔም ሳልመረምር አመንኩ። ወንዶቹ ጭነታቸውን አደረሱ። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎች ደብተር አገኙ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ግን ተሰልፈው ሲጠብቁ ውለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ማናልሞሽ ይህን በዓይኗ አየች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቴፒ ስንመለስ ለጋሽ ሳህሉ የሆነውን ነገርኳቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ ልጅቷ ደህና መሆኗን ጠየቁ። ደህና ናት አልኳቸው። ከዚያ እጃቸውን አዩ። ምናልባት እጄ ደክሞ ይሆናል፣ ሳላጠብቀው ቀርቼ ይሆናል አሉ።

እርጥቦቹን ደብተሮች ምን እናድርጋቸው ስንል የእንድርያስ አባት መላ አገኙ። ቡና የሚያደርቁበትን የሽቦ አልጋ አንዱን ለቀቁልን። እዚያ ላይ ደብተሮቹን እንደ ቡና አሰጣናቸው። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ልጆቹ እየሮጡ ይመጣሉ። አንዱ የደብተሩን ቅጠል ይገልጣል፣ አንዷ ታገላብጣለች፣ ትንንሾቹ ዶሮ ያባርራሉ። እንደዚያ ሳምንት ሥራ አስደስቶን አያውቅም። ማናልሞሽም ትመጣ ነበር። ልጆቹ ያዝኑላታል፤ ሲሞን እንኳ ስለ ቀልዱ ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ግን አቀርቅራ ደብተር ማገላበጧን ቀጠለች።

ቤት ደግሞ እናቷ ሙዙ የት እንደገባ ጠየቁ። አላየሁም አለች። ወይዘሮ በየነች የጎረቤቱን የቀን ሠራተኛ ጠረጠሩት። አያችሁ ልጆች፣ አንድ ውሸት ብቻዋን አትቀመጥም።

ሐሙስ ዕለት ማናልሞሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዋንዛው በኩል አለፈች። አንድ ሰው ሁለት ኬሻ ዝንጅብል ይዞ ጋሽ ሳህሉን ይጫኑልኝ እያለ ይለምናል። ጋሽ ሳህሉ እምቢ አሉ። ጎማ እለጥፋለሁ እንጂ ከእንግዲህ ዕቃ አልጭንም፣ በእኔ እጅ የሰው ልጅ ሊሞት ነበር አሉት። ሰውዬው አዝኖ ሄደ። ሽማግሌው ብቻቸውን ቀሩ።

ማናልሞሽ ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። መሄድ ትችል ነበር። ማንም አላየም፣ ማንም አያውቅም። ሙዙ ሄዷል፣ ማሰሪያው ሄዷል። ግን ዞረችና ፊታቸው ቆመች።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ማሰሪያው በራሱ አልተፈታም። እኔ ነኝ የፈታሁት።»

ስለ ሙዙ፣ ስለ ሲባጎው፣ ወንዝ ውስጥ ስለገፋችው ዘለላ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጋሽ ሳህሉ የያዙትን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ አንድ ጊዜ መዳፉን አንድ ጊዜ ጀርባውን አዩት።

«እንግዲያው እጄ ደህና ነው?» አሉ።

«ደህና ነው፣ ጋሼ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አምስት ቀን ሙሉ የገዛ እጃቸውን ሲጠራጠሩ ነው የከረሙት። ማናልሞሽ አለቀሰች። እሳቸውም አልተቆጧትም፤ ነገሩን ቀላል ነው ብለውም አላለፉላት።

«እኔ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «ግን ስሜን ያጠፋሽው በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ትመልሺዋለሽ።»

ማናልሞሽ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ እናቷ ሌላ ሰው ላይ ክፉ ቃል ሳይናገሩ ልትደርስ። ለእናቷ እውነቱን ተናገረች። ወይዘሮ በየነች ተቆጡ፤ ለሁለት ሳምንት ብስክሌቱን እንዳትነካ ሊከለክሏት ሲሉ ይርዳው መጀመሪያ ደብተሩን ታድርስ ብሎ ለመነላት፤ እናቷም እሺ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በሁላችን ፊት ቆማ፣ ያደረገችውን ሁሉ ተናገረች። ማንም አልሳቀም። እኔም በተራዬ ጋሽ ሳህሉን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ውኃ በወሰዳቸው ደብተሮች ምትክ ማናልሞሽ የራሷን አዲስ ደብተሮች አምጥታ ጨመረች።

ያን ቀን ጋሽ ሳህሉ ጭነቱን አላሰሩም። አዲስ ማሰሪያ ለእሷ አስጨበጧት። እሷ ካርቶኖቹን በእጇ መዘነች፣ ዝቅ አድርጋ ጫነች፣ ግራና ቀኙን አስተካከለች፣ ማሰሪያውን ሳበች። እሳቸው ጭነቱን ይዘው ወዘወዙት። አልተነቃነቀም። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ማናልሞሽም ፊቷ በራ።

ከዚያ ወጣን። ሜዳውን ቀጥ ብላ ነዳች። ዳገቱን ወጣች። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኗን አስቀድማ ይዛ ቀስ እያለች ወረደች፤ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ወርዳ እየገፋች ተሻገረች። ወንዶቹ ከፊት ሆነው ይጠብቋት ነበር። መንደሩ ስንደርስ የአንደኛ ክፍል ልጆች እየጮኹ ወደ ብስክሌቷ ሮጡ። ደብተር የያዘ ሁሉ ይዘላል፤ ያልደረሰው እጁን ይዘረጋል።

አንዲት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ ደብተሯን ገለጠች። ቅጠሉ ሞገድ ሞገድ ሠርቷል። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችውና፣ «ለምንድነው ቡና ቡና የሚሸተው?» ብላ ጠየቀች።

ማናልሞሽ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ባለፈው ሳምንት ወንዝ ውስጥ ጥዬው፣ ቡና ማድረቂያ ላይ ስለደረቀ ነው» አለቻት። «ሌላ ሰው አይደለም የጣለው፤ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሳቀች፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋም ወደ ጓደኞቿ ሮጠች።

ልጆቼ፣ ስታጠፉ ጥፋታችሁን በሌላ ሰው ላይ አትጫኑ፤ ቶሎ እውነቱን ተናገሩ፣ የበደላችሁትንም ካሱ፣ እግዚአብሔርም ይቅር ይላችኋል።