የሻለቃ አሟሟት

ሻለቃ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው። በጎኑ ተንሳፍፎ፣ አንድ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አቅንቶ፣ አፉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር እንደያዘ ነበር። ማዕረጉን የሰጡት ወይዘሮ ማርያ ናቸው። ክንድ የሚያህለው ጥቁርና ብርቱካናማ ዓሣ ሰው ወደ መስታወት ገንዳው በቀረበ ቁጥር ደረቱን ነፍቶ ብቅ ስለሚል፣ «ይኼስ ሻለቃ ነው» ብለው ሰየሙት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ወይዘሮ ማርያ ካረፉ ዓመት አልፏል። ባላቸው አቶ ገብረንጉስ ከዚያ ወዲህ ወንበራቸውን ገንዳው ፊት አስቀምጠው፣ ከዓሣው ጋር ሬዲዮ ሲሰሙ ይውላሉ። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ባዶ ቤት ውሎ አያውቅም ማለት ነው።

አቶ ገብረንጉስ አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ በዳኝነት የኖሩ፣ ከዘጠና አንድ በኋላ ናይሮቢ የገቡ ሰው ናቸው። ዳኝነቱን ቢተዉትም እሱ አልተዋቸውም። ሬሳውን እንዳዩ አላለቀሱም፤ ሳውዝ ሲ ሰፈር ካለው ሕንፃቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖረው ጎረቤታቸው ለሠርክ ደውለው «ምርመራ አለ፣ ውረጂ» አሏት።

ሠርክ በአዲስ አበባ ፖሊስ የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ አሁን ለአንድ አየር መንገድ የጠፋ ሻንጣ ትፈልጋለች። ወርዳለች ብለው የሚያሟት አሉ። እሷ ግን ሬሳ አይዋሽም፣ ሻንጣ ጠፋብኝ የሚል ሰው ግን ይዋሻል፤ ስለዚህ ምርመራ የተማርኩት አሁን ነው ትላለች።

እንደገባች ዓይኗ ያረፈው ዓሣው ላይ ሳይሆን፣ በሩ አጠገብ በቆመ ሰማያዊ ሻንጣ ላይ ነበር። ዚፑ ተዘግቷል፤ እጀታው ላይ ነጠላ ጫማ በፌስታል ተንጠልጥሏል። የኪያ ነው። ኪያ ከጅማ የመጣች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት የቤቱ ሠራተኛ ናት። ወይዘሮ ማርያን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ነች። የስደተኛ ወረቀቷ ገና በሂደት ላይ ሲሆን፣ የተመዘገበችበት አድራሻ ይኸው ቤት ነው። ከዚህ ከወጣች የሚጠብቃት ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር የምትጋራው ፍራሽ፣ ከዚያም የፖሊስ ፍተሻ ነው።

«እሷ ናት የገደለችው» አሉ አቶ ገብረንጉስ። «እስከ ማታ ትውጣልኝ ብያለሁ።»

«በምን ገደለችው?»

«በዳማከሴ።» ትንሽ ሳህን ላይ የተቀመጠ እርጥብ ቅጠል አሳዩአት። «ውሃው ላይ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ረቡዕ ዕለት አፉን አይታ ‹ምች ነው› ያለችው እሷ ናት። መድኃኒት አደርጋለሁ ብላ መርዛዋለች።»

ኪያ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሰማች።

«እኔ ያለ ማስረጃ የፈረድኩበት ሰው የለም» አሉ አዛውንቱ። «ዛሬም አልጀምርም። አንቺ መርምሪ። ያልሽው ይሆናል።»

ሠርክ ቅጠሉን አንሥታ ወደ ብርሃን ያዘችው። አልታሸም፣ አልተቀጠቀጠም፤ አንድ ሙሉ ቅጠል ነው። ውሃ ቢያርሰውም ጫፉ ቀድሞ ደርቆ ተጠቅልሏል። ከተቀነጠሰ ሰንብቷል ማለት ነው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የሕፃን ገላ ውሃ እንደሚለካ ሰው ክርኗን ገንዳው ውስጥ ነከረች። ውሃው ይሞቃል። የናይሮቢ ሐምሌ ሰውን በካፖርት ያስኬዳል፤ ውሃው ግን የገላ ውሃ ሆኗል። ማሞቂያው ገንዳው ጀርባ ግድግዳው ጥግ ተሰክቷል። የሙቀት መጠን መቆጣጠሪያ ቁልፉን ለማየት ገንዳው በተቀመጠበት ረጅም ቁም ሳጥን ላይ ተንጠራርታ ማጎንበስ ነበረባት። ቁልፉ ዝቅተኛው ላይ ነው።

እዚያው ተንጠራርታ ትንሽ ቆየች። ቀና ስትል ምንጣፉ ላይ አራት ክብ ጎድጓዶች አየች፤ የወጥ ቤቱ በርጩማ እግሮች ናቸው። በመጨረሻ የውሃ ማጣሪያውን ከፍታ አንዲት ጥቁር ከረጢት አወጣች፣ ጨመቀቻት፣ ከቅጠሉ ጎን አስቀመጠቻት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ልጃቸውን ናጽነትን ነው። ናጽነት ናይሮቢ ያደገች፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ፣ ቡና እንኳ ቆማ የምትጠጣ ሴት ናት። ለሥራ ሞምባሳ ሰንብታ የተመለሰችው በዚያው ጠዋት ነው። ረቡዕ የዓሣውን አፍ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ፓርክላንድስ ሰፈር ዓሣና የዓሣ መድኃኒት ወደሚሸጠው ኑሬ ሄደች። ዱቄቱን ገዝታ ገንዳው ውስጥ ጨመረችና ባቡር ያዘች።

«ኑሬ ምን ምን አድርጊ አለሽ?»

«ሎት ኦፍ ቲንግስ፣ አንቲ ሠርክ። እሱ ሲያወራ ቦሴ እየደወለልኝ ነበር። እሺ፣ እሺ፣ ሳዋ አልኩት። ሜዲስኑ መግባቱ ነው ዋናው፣ አይደል?»

ሠርክ ስልኳን አወጣች። ለኑሬ ደወለች። ኑሬ የታመመ ዓሣ ከሰማ ሱቁን ዘግቶ የሚሮጥ ሰው ነው፤ መጣሁ አለ። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ግን አንድ ያስገረመው ነገር እንዳለ ነገራት። ትናንት አመሻሽ ላይም ከዚያ ቤት ተደውሎለት፣ ያንኑ ምክር እንደገና ሰጥቶ ነበር።

ኪያን ያነጋገረቻት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ስለ ዓሣው ስትጠየቅ በግልጽ መለሰች። ሁሉም ምች ነው ይሉ ነበር፤ እሷም ብላለች፤ ቅጠል ግን አልጨመረችም። ስለ ቤቱ ስትጠየቅም እንዲሁ። ስቲማ፣ ማለትም መብራቱ፣ ሐሙስ ዕለት ተቋረጠ፤ አስቀድሞ የሚከፈለው ቶክን ሁልጊዜ ከሚያልቅበት ቀድሞ ስላለቀ ሌላ ገዛች። ይህን ሁሉ ስትናገር እጆቿ ድንች ይልጡ ነበር።

«ማሞቂያውን ነክተሽው ነበር?»

እጆቿ ቆሙ። «አልነካሁም» አለች ኪያ፤ የሹራቧን እጅጌ ጎትታ ጣቶቿን ሸፈነች።

«በርጩማው ላይስ ለምን ወጣሽ?»

«መስኮት ልወለውል።» እጅጌው እንደ ተጎተተ ነው።

ሠርክ ዝም ብላ ጠበቀች። ዝምታ ሰውን ያናግራል፤ ይህን ከሻንጣ ባለቤቶች ተምራለች።

«እትዬ ሠርክ፣ እኔ ነኝ ይበሏቸው» አለች ኪያ በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቅጠሉን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ልሂድ። ኢስትሊ ሰው አይጠፋም።» ጣቶቿ አሁንም እጅጌው ውስጥ ነበሩ።

በዚያች ቅጽበት ሠርክ ገዳዩ ማን እንደሆነ አወቀች፤ ምነው ባላወቅሁ ብላ ተመኘች። ዝም ካለች ይህች ሴት መንገድ ላይ ትወድቃለች። ከተናገረች ደግሞ ሌላ ሰው ይወድቃል፤ እሱም የሚነሣ አይመስልም። ሃያ ጊዜ ብታገላብጠው ሁለቱንም የሚያድን መንገድ አጣች።

ኑሬ ሲደርስ ሁሉም ሳሎን ተቀመጡ። አቶ ገብረንጉስ የለመዱት ወንበር ላይ፣ ናጽነት ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ኪያ በሩ አጠገብ ከሻንጣዋ ጎን። ኑሬ መጀመሪያ ዓሣውን አየና «ፖሌ ሳና፣ ሙዜ» ብሎ ከልቡ አዘነ።

«ከበሽታው እንጀምር» አለች ሠርክ። «ኑሬ፣ አፉ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ባክቴሪያ ነው። ጥጥ ስለሚመስል ፈንገስ ነው ይሉታል፣ ግን አይደለም። ለዚህች ሲስተር የሰጠኋት አንቲባዮቲክ ትክክለኛው ነው። ቶሎ ከተጀመረ ብዙዎቹ ይተርፋሉ።»

«ምች አይደለም ማለት ነው። ታዲያ መድኃኒቱ ትክክል ከሆነ ለምን አልሠራም?» ሠርክ ጥቁሯን ከረጢት አነሣች። «ይህ የማጣሪያው ከሰል ነው። የውሃውን ሽታና ቀለም ይመጥጣል፤ መድኃኒትም አብሮ ይመጥጣል። ኑሬ መጀመሪያ ይህን አውጪ ብሎሽ ነበር፣ ናጽነት። አንቺ ስልክ ላይ ነበርሽ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ናጽነት የምትለቅመው እንኳ አልነበራትም። ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ይህ ግን ዓሣው እንዳይድን አደረገ እንጂ በሦስት ቀን አልገደለውም። ያቻኮለው ሌላ ነው። ውሃውን ንኩት፣ ሞቃት ነው። ማሞቂያው ግን ዝቅ ብሏል። ይህን የሚያህል ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ሁለት እጆች አሉ፤ አንዱ ቀደም ብሎ ከፍ አድርጎታል፣ ሌላው ትናንት ዝቅ አድርጎታል። ቶክኑ ያለ ጊዜው ያለቀው ማሞቂያው ቀን ከሌት ያለ ዕረፍት ስለሠራ ነው።»

«ይኼ በሽታ ሙቀት ይወዳል» አለ ኑሬ። «በሙቅ ውሃ ይሮጣል። ዓሣውም አየር ያጥረዋል። አታሙቁት ብዬ ነበር።»

«ዝቅ ያደረገው እጅ አጭር ነው፤ ያለ በርጩማ አይደርስም። ኪያ ናት። ዓሣው አየር ሲያጥረው አይታ ትናንት ለኑሬ ደወለች፤ ውሃው ሞቋል ወይ ብሎ ጠየቃት። ያኔ ገብቷት ልታድነው ሞከረች። ዘግይቶ ነበር።»

አቶ ገብረንጉስ ቀና አሉ። ድምፃቸው የችሎት ድምፅ ነበር።

«ከፍ ያደረገውስ?»

ሠርክ ለመጨረሻ ጊዜ ኪያን አየቻት። ኪያ በትንሹ ራሷን ነቀነቀች፤ ተይው ማለቷ ነበር።

«ቅጠሉ ነው የሚነግረን» አለች ሠርክ በቀስታ። «ዳማከሴ ለመድኃኒት የሚያደርግ ሰው ያሸዋል። ይህ ሙሉ ነው፤ ከተቀነጠሰም ሰንብቷል። ማንም አልጨመረውም። ገንዳው ላይ ካጎነበሰ ሰው ነው የወደቀው። ያለ በርጩማ የሚደርስ ረጅም ሰው ነው፤ ቅጠልም ይዞ ይዞራል።»

ሁሉም የአቶ ገብረንጉስን ሸሚዝ የደረት ኪስ አዩ። ማርያ ከሞቱ ጀምሮ ራስ ምታት አለብኝ እያሉ የሚያሸቱት የዳማከሴ ዘለላ ጫፉ ወጥቶ ይታያል። አዛውንቱም እጃቸውን ሰድደው ዳሰሱት፤ እዚያ መሆኑን የረሱት ይመስል ነበር።

የደበቁት ነገር አልነበረም። ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ። ከሳሽን ማን ይጠይቃል? ሠርክ እንኳ አልጠየቀቻቸውም።

«ምች የያዘው ሰው ይሸፈናል» አሉ። «ተሸፋፍኖ ሲያልበው ይድናል። ዓሣ አይሸፈን፤ ውሃውን አሞቅሁለት። አፉ ሲብስ ደግሞ ጨመርኩለት። ብርድ መስሎኝ ነው፣ ልጄ። እኔ እሱን…»

ናጽነት «አቦይ» ብላ ልትነሣ ስትል እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። የሚያስቡት ዓሣውን አልነበረም። ሐሳባቸው የሚሄድበትን ያየችው ኪያ ብቻ ናት፤ ከትናንት ጀምሮ የፈራችውም ይህንኑ ነበር።

«ማርያንም እንዲሁ ሸፈንኳት» አሉ። «ትኩሳት ሲይዛት። መስኮቱን ዘጋሁ። ብርድ ልብስ ደራረብኩባት። ሞቀኝ ስትለኝ ይውጣልሽ እያልኩ። ሐኪም ቤት የወሰድናት ዘግይተን ነው።» ወደ ሠርክ ዞሩ። «መርምሪ ብዬሻለሁ፤ ያልሽው ይሆናል ብያለሁ። ንገሪኝ። እሷንም እኔ ነኝ?»

ሠርክ ስለ ቅጠል፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ በርጩማ እግር ታውቃለች። ይህን አታውቅም። ሐኪም ቢጠየቅም ምናልባት አያውቀው። በሥራ ዘመኗ እንዲህ አቅም ያጣችበትን ቀን አታስታውስም።

«አባባ» አለች ኪያ ከበሩ አጠገብ። «እርስዎን እንቅልፍ ሲወስድዎ ብርድ ልብሱን እኔ አነሣላቸው ነበር። መስኮቱንም እከፍተው ነበር። ሊነቁ ሲሉ እመልሰዋለሁ። እማማ አልሞቃቸውም።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩአት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቃሉን ወደ ማስረጃ መለሱት።

«ሠርክ፣ እውነቷን ነው?»

ሠርክ የኪያን እጆች አየች። እጅጌዋ ሁለቱንም እጆቿን እስከ ጣቶቿ ጫፍ ሸፍኖ፣ ጠርዙን በጭብጧ ውስጥ ይዛው ነበር።

«እውነቷን ነው» አለች ሠርክ።

አቶ ገብረንጉስ ራሳቸውን ነቀነቁ። አምነው ይሁን ማመን ፈልገው፣ ከፊታቸው ማንበብ አይቻልም። ዘለላውን ከኪሳቸው አውጥተው ሳህኑ ላይ ከቅጠሉ ጋር አኖሩት። ኑሬ ዓሣውን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረ፤ ናጽነት ጋዜጣውን ይዛለት እያለቀሰች ነበር።

«ኪያ» አሉ አዛውንቱ ፊታቸውን ከባዶው ገንዳ ሳይመልሱ፤ «ያንን ሻንጣ ከበሩ ላይ አንሺው። ሰው ያደናቅፋል።»

ኪያ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች። እጅጌዋን ገና አልሰበሰበችውም።